ላማክርዎ መጣሁ

ሐምሌ 7 ቀን 1949፣ እሑድ

ሲስተር ሎሪመር በየቀኑ በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር ማስታወሻ እንድንጽፍ አዛናለች። የዛሬውን ጨርሻለሁ፦ «ዛሬ ዝናብ ነበረ። ቤት ሄድኩ። ደስ አለኝ።» በእንግሊዝኛ ሕይወቴ ይኸው ነው። የቀረውን እዚህ በገዛ ቋንቋዬ እጽፈዋለሁ፤ ይሄኛውን ደብተር በቀይ ቀለም የሚያርምልኝ የለም።

ሲስተር ሎሪመር የነርሶች አስተማሪያችን ናት። ስኮትላንድ ከሚባል አገር የመጣች፣ ረጅም፣ ቀይ ፀጉር፣ ሳቋን ለእሑድ የምታስቀምጥ ሴት። አማርኛ ልማር ብላ አራዳ አንድ መምህር ይዛለች ይባላል፤ ለኛ ግን ከ«ቶሎ ቶሎ» በቀር አውጥታ አታውቅም።

ዛሬ ሥላሴ ስለሆነ አስፈቅጄ ከአዳሪ ቤት ወጣሁ። የቀሐ ወንዝ ሞልቶ በድልድዩ ዞርኩ፤ ጫማዬ ጭቃ ብቻ ሆኖ ቤት ደረስኩ። አባባ ማኅሌት ቆመው አድረው መደቡ ላይ ዐረፍ ብለዋል። ጥምጥማቸው እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ ነው።

«ሰው ሁሉ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ሐኪም ሆነች ይለኛል» አሉ።

«ነርስ ነኝ አባባ። እሱም ገና ተማሪ።»

«ያው ነው። ሁለቱም መርፌ ይወጋሉ።»

ልቀመጥ ዱካ ሳብ ባደርግ እማዬ «ከነበረበት አታንሺው!» ብላ ጮኸችብኝ። እማዬ ከእርጅና ጋር ሥርዓት ወዳድ ሆናለች። ጋኑ፣ ዱካው፣ ዘንጉ፣ ሁሉም የራሱ ቦታ አለው። አባባ ጠላቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ዘርግተው ዋንጫውን በስንዝር ሳቱት። ቅኔ ሲያስቡ እንዲህ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ሩጫ። አንሶላ፣ ሙቀት መለኪያ፣ አንሶላ። የክፍል ጓደኛዬ ሸዋረግ ምሳዬን በላችልኝ። አላሰኘኝም።

ሲስተር ሎሪመር ስለ እኔ ለሐኪሙ ስትናገር ሰማሁ። ሸዋረግ ናት የተረጎመችልኝ፤ እሷ አዲስ አበባ ተምራ ስለመጣች እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይወርድላታል። «ያቺ የመሪጌታ ልጅ አትጠይቅም። ሲጨንቃት ዝም ትላለች። ኩራት ነው» አለች አሉ።

ኩራት አይደለም። እኛ ቤት ሰው ሲጨንቀው ዘሎ አይጠይቅም። ሄዶ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ይነጋገራል፣ ከዚያ «አንድ ሰው እንዲህ ቢገጥመው ምን ይሻለዋል?» ይላል። ያኛውም የማን ነገር እንደሆነ እያወቀ «ያ ሰውዬ እንዲህ ቢያደርግ» ብሎ ይመልሳል። ማንም አያፍርም። ይህን ለሲስተር በሦስት መስመር እንዴት አድርጌ ልጻፍላት?

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ዛሬ አንድ ሽማግሌ ከድብ ባሕር በበቅሎ መጡ። አያ ዳኛው ይባላሉ። ሁለቱም ዓይናቸው አያይም። ሐኪሙ በትንሿ መብራት አየ፣ በጣቶቹ የዓይናቸውን ቆብ ጫን ጫን አደረገ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቱ ሌት» አለኝ። የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

«አያ፣ ጊዜው አልፏል ይላል።»

«የምን ጊዜ?»

«ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ...»

«ምነው ልጄ! ቀደም ብዬማ አይ ነበር። የሚያይ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?»

ሐኪሙ መጀመሪያ እንዴት እንደነበር ጠይቂልኝ አለ። ጠየቅሁ። «መጀመሪያማ ሸጋ ነበርኩ። ዋንጫ ላነሣ እጄን ስሰድ ይስተኝ ጀመር። ዕድሜ ነው አልኩ። ሚስቴ ዕቃውን ሁሉ ባንድ ቦታ ታኖርልኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማርና።»

ይህን ሲሉ ሌላ ሥራ ትዝ አለኝና ወጣሁ።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ቤት ዋልኩ። ብዙ የሚጻፍ የለም።

ፀሐይ ብቅ ብላ ነበርና ውጭ እንቀመጥ ብላቸው አባባ እምቢ አሉ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ዳዊት ይደግማሉ። የሚሉት የእሑዱን ነው፤ የከፈቱት ገጽ ግን የረቡዑ ነው። በቃላቸው ስለሚያውቁት ገጹ ግድ አይሰጣቸውም።

«አባባ፣ ዓይንዎ ደህና ነው?» አልኩ፤ እንዲያው ለጨዋታ።

«ምነው? ምን ሆነ ብለሽ ነው?»

«ምንም። ሐኪም ቤት ብዙ ዓይን ስለማይ ነው።»

«እኔ መምህር ነኝ» አሉ። «መምህር ይመክራል እንጂ አይመከርም።» መልሱ ከጥያቄዬ ጋር አልገጠመልኝም። እማዬ ምድጃው ጋ ሆና አንገቷን ደፋች።

ዓይናቸው ደህና ነው። ትናንት እንኳ ማኅሌት መርተዋል።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዛሬ አመለጠኝ።

ከረቡዕ ጀምሮ ስዘጋጅ ሰነበትኩ። ሲስተር ሎሪመርን ስለ ዓይን አንድ ነገር ልጠይቃት ወስኜ ነበር፤ ለማወቅ ያህል። በአማርኛ ቢሆን አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፦ ላማክርዎ። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። መከረ ማለት «አድቫይዝ» ይላል። እሱን ይዤ ከምሳ በኋላ በሯን አንኳኳሁ። እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ በትሕትና ሁሉ «ሲስተር፣ አይ ሃቭ ካም ቱ አድቫይዝ ዩ» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። «አድቫይዝ ሚ?»

«የስ፣ ሲስተር!» የገባት መስሎኝ ደስ አለኝ። ይባስ ብዬ «ፎር ሎንግ ታይም አይ ዋንት ቱ አድቫይዝ ዩ» ብዬ ጨመርኩበት።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። በዚሁ ሳምንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ተሰብስበው ሄደው ስለ አንሶላ አጠባው ይህ ይታረም፣ ያ ይታረም ብለዋታል። እኔንም የነሱ መልእክተኛ ሳታደርገኝ አልቀረችም። ቃል በቃል እየለየች «ምክር ስፈልግ ራሴ እጠይቃለሁ» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን ያህልስ ይገባኛል። ከዚያ በሩን አሳየችኝ።

አፈርኩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ግን ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ቀለል አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

ሸዋረግ አልጋዋ ላይ ተንከባለለች። «ልምከርሽ ነው ያልሻት! የመሪጌታ ልጅ ሲስተርን ልትመክር ሄደች! ያውም ‹ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ልመክርሽ ፈልጌ ነበር›!» ሙሉ አዳሪ ቤቱን ሰብስባ ደግማ አስመሰለችኝ። እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ሲበቃት አስረዳችኝ። በኛ ቋንቋ መከረ ላይ አንዲት አ ስትጨመርበት አማከረ ይሆናል፤ ሰጪ የነበረው ጠያቂ ሆኖ ይገኛል። እንግሊዞች እንዲህ ያለች አ የላቸውም። ጠያቂው «አይ ዉድ ላይክ ዮር አድቫይስ» ማለት አለበት። መጨረሻው ስ ነው። ዝ ካልኩ ግሥ ይሆንና መካሪ እሆናለሁ፤ ስ ካልኩ ስም ነው፣ ለማኝ እሆናለሁ።

«አንድ ምክር ስጪኝ ልበላትስ?»

«አይባልም። ምክር አይቆጠርም፣ እንደ ውሃ ነው። ከፈለግሽ ‹ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ› በይ።»

ፒስ ማለት ቁራሽ ነው። እንግሊዞች ምክር አይቆጥሩም፣ እንደ ዳቦ ግን ይቆርሱታል። ይህን ለአባባ ብነግራቸው ሳምንት ይስቃሉ።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

ፍልሰታ ነው። ጾም ስለሆነ ስለ ምግብ የሚጠይቀኝ የለም፤ ተመስገን።

ሸዋረግ በየማታው ታስጠናኛለች። ትሕትናው ያለው ግሡ ውስጥ አይደለም። እኛ «ይንገሩኝ» ስንል ክብሩ እዚያው ገብቷል። እነሱ አክብሮት ሲፈልጉ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይሸሻሉ። «ትችያለሽ?» ድፍረት ነው፤ «ትችይ ነበር?» ጨዋነት ነው። ከሁሉ የገረመኝ «አይ ዋዝ ወንደሪንግ» የሚለው ነው። ቃል በቃል «ስደነቅ ነበር» ማለት ነው አሉ፤ የሚፈልጉት ግን እባክሽ ንገሪኝ ለማለት ነው። ሰሙ መደነቅ፣ ወርቁ ልመና። እንግሊዞችም ቅኔ አላቸው ለካ።

ሲስተር ሎሪመር ዘነቡ ማለት አይሆንላትም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ዜነቤ» ብላም አትጠራኝም። «ነርስ» ትለኛለች።

አያ ዳኛው ዛሬ ወደ አገራቸው ተሸኙ። በቅሎው ላይ ሲያወጧቸው ጠሩኝ። «ልጄ፣ አባት አለሽ?»

«አሉ።»

«ዓይናቸው ደህና?»

«ደህና ነው» አልኩ።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

ትናንት ቡሄ። አባባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቀሐ ድልድይ ዳር ተንሸራትተው ወደቁ። ውሃው እስከ ጉልበታቸው ነበር። ወልደ ዮሐንስ የሚባለው ትልቁ ደቀ መዝሙራቸው ጎትቶ አወጣቸው። ክንዳቸው ተላልጧል እንጂ አልተሰበሩም። ሰው ተልኮብኝ ሄድኩ።

ቁስሉን አጠብኩላቸው። ሲያዩኝ... አይደለም። ሲሰሙኝ ፈገግ አሉ። «ዘነቡ፣ ድንጋዩ አዳለጠኝ» አሉ። ድንጋዩ እዚያ የኖረው ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ነው።

ስወጣ እማዬ እስከ ደጅ ተከተለችኝ። «ካለፈው ጥምቀት ጀምሮ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «መጀመሪያ ፀሐይ ሲያዩ ያጭበረብራቸው ነበር። አሁን የኔን ፊት በድምፄ ነው የሚያውቁት። ላንቺ አትንገሪ ብለውኛል። እኔም የተማረች ናት፣ ራሷ ታየው የለ ብዬ ዝም አልኩ።»

አይቼ ነበር። ከሥላሴ ዕለት ጀምሮ አይቼ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ነሐሴ 21፣ ማክሰኞ

በሩን አንኳኳሁ። ሳልተነፍስ «አይ ዉድ ላይክ ዮር አድቫይስ፣ ሲስተር» አልኩ። ስ። ስ። ስ።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ሲት ዳውን» አለች።

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሸዋረግ አላስጠናችኝም። ስለዚህ እንደ አገሬ ሄድኩ። አንድ ሰው አለ አልኳት። ጎረቤት ነው። ትልቅ ሰው ነው። ዓይኑ ፀሐይ ይፈራል፣ ሲመሽ ይሻለዋል፣ ፊት አይለይም። ምን ይሻለዋል?

«ይህ ጎረቤት ለቤታችሁ ቅርብ ነው?» አለችኝ።

«በጣም ቅርብ ነው።»

አልሳቀችም። ዓይኑ ውስጥ ደመና ይታይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላየሁም አልኩ። እውነቴን ነው፤ የአባባን ዓይን ትክ ብዬ ለማየት ፈርቼ ነው የኖርኩት። የዓይን ሞራ ከሆነ አስመራ የሚያወጣ ጣሊያን ሐኪም አለ አለች። አያ ዳኛውን የያዛቸው ዓይነት ከሆነ ግን ማንም አያድነውም፤ የሚታወቀው ሲታይ ብቻ ነው። ጣሊያኑ በኅዳር ወር አገሩ ይገባል። የትምህርት ቤቱ ማኪና ደግሞ ከመስቀል በኋላ መድኃኒት ሊያመጣ አስመራ ይሄዳል፤ ባዶ ስለሚሄድ ለጎረቤትሽ ቦታ አለ አለችኝ።

«ታንክ ዩ» አልኩና ወጣሁ።

ነሐሴ 26፣ እሑድ

አባባን ያዝኳቸው። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ጤፉ አወራን። «አንድ ጎረቤት አለ» ብዬ ጀመርኩ።

«ያ ጎረቤት» አሉ ሳልጨርስ፣ «ጎረቤቱ ሳይሆን ሴት ልጁ የምትመክረው ከሆነ፣ ዘንጉን ይስቀልና ይቀመጥ።»

«አባባ...»

«ዕድሜ ነው አልኩ እኮ! ፈረንጅ ዓይኔን ጎልጉሎ በሰሐን ያድርገው? አርባ ዓመት ሙሉ ሰው እኔ ዘንድ ሊማከር መጣ። ዛሬ በስተርጅና እኔ በየደጁ ‹ምን ይሻለኛል› ልበል?» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሳል አስመሰሉት።

ተቆጣሁ። ማኪናው እንደሚሄድ፣ ሐኪሙም እንደሚሄድ ነገርኳቸው፤ ጮኼ ሳይሆን አይቀርም። እማዬ እጄን ይዛ አወጣችኝ። በአባቴ ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1950፣ ረቡዕ

እንቁጣጣሽ። አበባ ይዘው የመጡ ልጆች ዋርዱን፣ የሕሙማኑን ክፍል፣ አሟሟቁት።

ሲስተር ሎሪመር ጎረቤትሽ ምን አለ አለችኝ። እምቢ አለ አልኳት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ ልነግራት ሞከርኩ፤ «ሰው ከእሱ ምክር ይጠይቃል እንጂ እሱ ከሰው አይጠይቅም» የሚለውን ሦስት ጊዜ አፈራርሼ ሦስት ጊዜ ገነባሁት። በመጨረሻ የገባት መሰለኝ። ብዕሯን ጥርሷ ላይ እያንኳኳች መስኮቱን ስታይ ቆየች።

መስከረም 12፣ እሑድ

ከየት ልጀምር።

ትናንት ሲስተር ሎሪመር «ነገ ቤታችሁ እመጣለሁ፤ አንቺ እንዳታስተረጉሚ» አለችኝ። ለእማዬ ሰው ላክሁ። እማዬ ፈርታ ለአባባ «ፈረንጇ ልትመክርዎ ትመጣለች» ብላ ነገረቻቸው። ስንደርስ አባባ መደቡ ላይ ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ እምቢታው ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ሲስተር ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯ ደረሰ። አንገቷን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብላ የአባባን ፊት ጥቂት አየች። ከዚያ በአማርኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል እያስቀመጠች ተናገረች።

«መሪጌታ። ደህና ነዎት? እኔ፣ ላማክርዎ መጣሁ።»

ደነገጥኩ። ልምከርዎ ማለቷ ነው! የኔኑ ስሕተት ገልብጣ መሥራቷ ነው! ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አባባን አየሁ። ዘንጉ ላይ የነበሩት እጆቻቸው ላላ አሉ። ጋቢያቸውን በትከሻቸው አስተካከሉ።

«እኔን?»

«አዎ። አንቱን።»

«ተቀመጪ» አሉ አባባ። ከተቀመጠች ቆይታለች። ሲስተር ዱካዋን ድምፅ እንዲሰማ አድርጋ ነቅነቅ አደረገችና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ተቀመጥኩ» አለች። አፌን ዘጋሁ።

«ስለ ምን ነው?»

«ስለ ዓይን።»

«የማን ዓይን?»

«አንድ አባት አለ። ትልቅ ሰው ነው። ዓይኑ ውስጥ ደመና ገባ። ደመና ከሆነ አስመራ ይጠርጋሉ። ሌላ ከሆነ አይጠርጉም። ካልሄደ አይታወቅም። አባት እምቢ አለ።»

«ዕድሜ ነው ይላል?»

«ዕድሜ ነው ይላል።»

«ልክ ነዋ።»

«ልክ ነው። ዕድሜ ነው። ደመናም ነው።» ትንሽ አሰበች። ቃል እየፈለገች ነበር፤ ላቀብላት ብፈልግም አታስተርጉሚ ብላኛለች። «ልጁ ትፈራለች» አለች። «አትበላም። ምግቧን ለሰው ትሰጣለች። ልጁ አትጠይቅም። አባቱም አይጠይቅም። እኔ ማንን ልጠይቅ? ሰው ሁሉ መሪጌታ ይመክራሉ አለኝ። ስለዚህ መጣሁ። ምን ላድርግ?»

ይህን ሁሉ ታይ ነበር ለካ። ምሳዬን ጭምር።

አባባ ዘንጉን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ደጅ ዶሮዎቹ ይጭራሉ። ከዚያ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ያቺ ቅኔ ስትመጣላቸው የምትመጣው ፈገግታ መጣች።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል ያገሬ ሰው» አሉ። «ያንን ሰውዬ ቀሐ በቡሄ ዕለት መክሮታል። ይበቃዋል።»

ሲስተር አልገባትምና ወደ እኔ ዞረች። አታስተርጉሚ ብላኛለችና ራሴን ብቻ ነቀነቅሁላት።

«ዘነቡ» አሉ አባባ።

«እመት።»

«ያንን አባት ምን ትመክሪዋለሽ?»

ፊታቸውን ያዞሩት እኔ ሁልጊዜ ወደምቀመጥበት ባዶ ዱካ ነበር፤ እኔ እማዬ ጎን ነበርኩ። ክረምቱን ሙሉ ምክር እንዴት እንደሚጠየቅ ሳጠና ከረምኩ። አባቴ ምክር ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አንድ ቀን አላሰብኩም። ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ዓይናቸውን አየሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብዬ። መካከሉ እንደ አጓት ነጥቷል።

«ይሂዱ» አልኩ። «ይሂዱ አባባ።» አንድ ጎረቤት፣ አንድ አባት የምንለውን ሁሉ ረሳሁት።

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «እንግዲህ ተመክሯል» አሉ። «በሉ ለእንግዳዋ ጠላ ይቀዳላት።»

መስከረም 20፣ ሰኞ

ሄዱ። እማዬም አብራ ሄደች። አባባ ማኪና ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ በላቸውን፣ ሹፌሩን፣ «ልጄ፣ የሊማሊሞ ገደል ላይ ስንደርስ ንገረኝ፤ ልፍራ» አሉት። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማኪናዋ ከታጠፈች በኋላ ግን ዋርድ ገብቼ አንሶላ ሳጥፍ አለቀስኩ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

በላቸው መድኃኒቱን ጭኖ ተመለሰ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ሐኪሙ አየና ሞራ ነው አለ» አለኝ። «ከአንዱ ዓይናቸው አውጥቶላቸዋል። ፋሻው ስላልተፈታ ያዩ እንደሆነ ገና አይታወቅም። አባትሽ ግን አንድ ካህን አግኝተው በተኙበት ቅኔ ይቀኙለታል።»

ማታ ሲስተር ሎሪመር ዘንድ ሄድኩ። በኃላፊ ጊዜ ጀመርኩ፤ «አይ ዋዝ ወንደሪንግ፣ ሲስተር» ብዬ። ያን ዕለት ላማክርዎ ያልሽው ልምከርዎ ለማለት ፈልገሽ ነበር እንዴ? አልኳት።

ቀና አለች። «ምክር ስፈልግ ራሴ እጠይቃለሁ ብዬሽ አልነበረም?» አለችኝ፤ በአማርኛ። ሐሙስ ቢሆንም ሳቀች። «ጉድ ናይት፣ ዜነቤ።»

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ወሬ የለም። ፋሻው ሳይፈታ አይቀርም። ሸዋረግ ቁራሽ ዳቦ አምጥታ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ብላ እጄ ላይ አደረገችው። ግማሹን በላሁ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

አራዳ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ከጧት ጀምሮ ቆምኩ። እኩለ ቀን አልፎ መጣ። መጀመሪያ እማዬ ወረደች። ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ፀሐይ ነበረና ነጠላዋን ተከናንባለች።

ከዚያ አባባ በሩ ላይ ቆሙ። እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር አድርገዋል። ደረጃውን አዩት፣ መሬቱን አዩት፣ አንድ እግራቸውን ከዚያም ሌላውን ያለ ዘንግ አወረዱ። ሕዝቡን አንድ በአንድ እያዩ መጡ። ልጠራቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ከጠራኋቸው በድምፄ ያውቁኛል። ዝም ብዬ ቆምኩ።

አጠገቤ ደረሱ። አለፉኝ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙና ተመለሱ። ጎንበስ ብለው ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ አዩት። ጉንጬን በጣታቸው ነኩት።

«ዘነቡ፣ ከስተሽብኝ ላልፍሽ ነበር» አሉ።

ጣታቸውን ጉንጬ ላይ እንዳለ ያዝኩት።

«ልምከርሽ» አሉ አባባ። «ብዪ።»